ጨፌውን በሶስት ቀን አታድርቁብን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሎች። የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ወርዳችሁ የምታገኙት የሳር ሜዳ ዳር ነው ቤቴ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ እኛ ጨፌ ነው የምንለው፣ ከከተማ ለሚመጣ ሰው ግን ባዶ መሬት ነው የሚመስለው እና ችግሩ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው።

አምና ጥቅምት ላይ አንድ ኤክስካቫተር መጣና ሜዳውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ቦይ ቀደደበት። ማን አዘዘ ብለን ብንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ላከን፣ በሶስተኛው ቀን ውሃው የለም። ጠዋት ወርጄ አየሁት፣ የቀረው ጭቃና እዚህም እዛም የምትታይ መዳፍ የምታክል ውሃ ናት። ሁለት ዝይዎች ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ አጥፈው፣ ጭቃው ላይ ከዳር ዳር ይመላለሱ ነበር። ይሄ እኮ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ነው፣ ከኛ ደጋ ሌላ የትም የማይኖር፣ አረማመዱም የሱ ብቻ ነው፣ ያየው ሰው አይረሳውም። በሳምንቱ እነሱም ሄዱ።

ይሄን ቪዲዮ ቀርጬ ሚኒሶታ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላኩለት፣ እሱ ደሞ ከስራ ጓደኞቹ ጋር ዳክዬ አደን ወደሚካሄድበት የመንግስት ረግረግ ይሄዳል (እሱ አያድንም አይበላም፣ ለማየት ነው) እና የነገረኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እዛ ውሃ ዝም ብሎ አይለቀቅም። ግድቡ አፍ ላይ ሳንቃ ተደራርቦ ይገባል፣ ጸደይ ላይ አንድ ሳንቃ ያነሳሉ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ሌላ ያነሳሉ፣ ውሃው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲሸሽ ጭቃው ላይ በራሱ ሳር ይበቅላል፣ ፍሬ ይይዛል፣ መኸር ላይ ሳንቃውን መልሰው ውሃውን ያስተኙበታል። ውሃው ከስንዝር ብዙ አይበልጥም፣ ምክንያቱም ዳክዬ ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ አንገቱን ነክሮ ነው የሚለቅመው፣ ጥልቅ ከሆነ አይደርስበትም። አንዳንዱ ቦታ በቆሎና ማሽላ ሁሉ ይዘሩለታል፣ ሳያጭዱ እዛው ቆሞ ውሃ ይለቁበታል። የቆመ ሰብል ላይ ውሃ መልቀቅ ይፈቀዳል፣ እህል በትኖ ወፉን አታልሎ እላዩ ላይ መተኮስ ግን በህግ ክልክል ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል አልኩት። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዳክዬ ቴምብር የሚባል ነገር አላቸው፣ 16 ዓመት የሞላው ዳክዬ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ መግዛት አለበት፣ አሁን 25 ዶላር ነው፣ ከያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። በእርሳስ ጥይት ዳክዬ መተኮስም በ1991 እ.ኤ.አ. በአገር ደረጃ ተከልክሏል፣ ወፎቹ የወደቀውን ፍንጣሪ ከጠጠር ጋር እየዋጡ ስለሚመረዙ ነው።

አደን ይጀመር አላልኩም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። እኛ በሃይማኖትም በልማድም ዳክዬና ዝይ አንበላም፣ ወፎቹም እስካሁን የቆዩልን አንድም በዚህ ይመስለኛል። ግን ለመግደል የሚፈልግ ሰው እንኳን ውሃውን እንደዚህ በሳንቃ እየለካ የሚለቅ ከሆነ የማንገድለው እኛ በኤክስካቫተር በሶስት ቀን ማድረቃችን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ደግሞ ወፍ ብቻ አይደለም ነገሩ። ይሄ ጨፌ የከብቶቻችን መኖ ነው፣ ጥቅምትና ህዳር የሚታጨደው ድርቆሽ ከዚህ ነው፣ ለበዓል ቤታችሁ የምትጎዘጉዙት ቄጠማም የሚመጣው ከእንደዚህ አይነት ቦታ ነው። ሜዳው ቶሎ ሲደርቅ ሳሩ ሳይረዝም ይቀራል፣ አምና አጭደን ስንከምር ያገኘነው ክምር ከካቻምናው ግማሽ አይሞላም ነበር። ጎረቤታችን ያሉ አባባ ቦይ ሲቆፈር ቆመው እያዩ ላሞቼን ምን ላብላቸው ነው ያሉት፣ ስለ ዝይ ማንም አልጠየቃቸውም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቦዩ ተቆፍሯል፣ ቆፍራችሁ ድፈኑት አልልም፣ ጎርፍ ቤት እንዳይገባ የፈለገ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አፉ ላይ ግን በሲሚንቶ ሁለት ጎን ግንብ ተሰርቶ ሳንቃ የሚገባበት ፍንጭት ይተውለት። ዝናብ ሲበዛ ሳንቃ ይነሳል፣ መስከረም ላይ ይመለሳል፣ ውሃው እስከ ህዳር ቀስ እያለ ይሂድ። መስከረም ያልኩት በምክንያት ነው፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች መድረስ የሚጀምሩት ያኔ ነው፣ አገራችንም የአፍሪካና ዩሬዥያ ተሰዳጅ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። ሳንቃውን ማን ያንሳ ካላችሁ ሳሩን የሚያጭዱት ገበሬዎች ያንሱት፣ መቼ ውሃ እንደሚበዛ መቼ እንደሚያንስ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲያጭዱም ዳር ላይ ጥቂት እርምጃ ሳይታጨድ ቢተው ፍሬው ለወፎቹ ይሆናል።

ከሆለታ ወዲያ ያለውን በርጋን ጠይቁ። እዛ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽዬ የረግረግ ወፍ አለች፣ ክረምት ላይ ሳሩ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው፣ በዓለም ላይ ያደጉት ከ250 በታች ናቸው ተብሎ ይገመታል። የአካባቢው ሰው ራሱ ተደራጅቶ ነው ጨፌውን የሚጠብቀው። የኛም ሜዳ ድሮ ይቺው ወፍ የተመዘገበችበት ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ማታ ማታ የህንጻ ቁፋሮ አፈር በገልባጭ እያመጡ የሜዳው ዳር ላይ የሚደፉ አሉ። አፈሩ በየሳምንቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ባለፈው እሁድ የቦዩን አፍ ሊደርስ ሀያ እርምጃ ያህል ቀርቶታል፣ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ጋዜጠኛ ብትልኩ በማለዳ ይምጣ፣ መንገዱን አሳየዋለሁ።

ከሱሉልታ ነዋሪ