ስለ 300 ብሩ የምርመራ ክፍያ ለደንበኞቻችን

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ካለፈው ወር ጀምሮ የስክሪን ቀለም ለተበላሸበት ላፕቶፕ 300 ብር የምርመራ ክፍያ መጠየቃችን ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ አውቃለሁ። አንድ የቆየ ደንበኛችን "ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጭነህ 300 ብር?" ብሎኝ ተቆጥቶ ወጣ። ንግግሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

እውነቱን ነው፣ ከዚያ በላይ አልነካሁም። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ሆኖበት ነበር። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የ"C" ቁልፎችን አንድ ላይ ስጫን ቀለሙ ተመለሰ። ሳያውቅ የቀለም ማጣሪያውን አብርቶት ኖሯል። ግን እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ "ስክሪኑ ይቀየር" ተብሏል። እኔም እንደዚያ ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር።

የቀለም ችግር ላይ ላዩን አንድ ይመስላል። ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ናይት ላይት የሚባለው የማታ ብርሃን ማለስለሻ በርቶ ነው፤ እሱን ቤታችሁ ታጠፉታላችሁ። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ግን ሥራ አለው። መጀመሪያ ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቼ አያለሁ። እዚያም ቀለሙ ከተበላሸ ችግሩ ከዊንዶውስ ስላልሆነ ፎርማት ማድረግ ዋጋ የለውም። ቀጥዬ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሌላ ሞኒተር ጋር አገናኘዋለሁ። ሞኒተሩ ላይ ደህና ከሆነ ጥርጣሬዬ የላፕቶፑ ስክሪንና ስክሪኑን ከውስጥ የሚያገናኘው ኬብል ላይ ነው። ሞኒተሩም ላይ ከተበላሸ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ዋናው ሰሌዳ እዞራለሁ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ እያልኩ ከፈት መለስ አደርጋለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ያመጣችው ላፕቶፕ ክዳኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሮዝ ወደ ነጭ ይለዋወጥ ነበር። ፍሬሙን ፈልቅቄ ሳየው የኬብሉ ሽፋን ማጠፊያው ሥር ተልጧል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ሽቦዎች ወጥተዋል። ስክሪኑ ጤነኛ ነበር። ኬብል ብቻ ቀይሬላት ሄደች።

መገናኛ ይህችን ሱቅ የከፈትኩት በ2004 ዓ.ም. ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ለምርመራ ሰባራ ሳንቲም ጠይቄ አላውቅም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ስክሪኑም ኬብሉም በዶላር የሚመጣ ነው። ኪራዩም ዝም አላለም። በነጻ እየመረመርኩ ልኑር ካልኩ ያለኝ መንገድ ስክሪን መሸጥ ብቻ ነው፣ ለሚያስፈልገውም ለማያስፈልገውም። እሱን ደግሞ ሕሊናዬ እሺ አላለኝም። "ስክሪንህ ደህና ነው" ብዬ ልሸኛችሁ የምችለው ለድካሜ ስትከፍሉኝ ነው።

በር ላይ ወረቀት ለጥፌ ብቻ መጀመሬ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ። ጥገና ካለው 300 ብሩ ከዋጋው ይቀነሳል። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉልን፤ በስልክ የምንፈታው ከሆነ ምንም አንጠይቅም።

ያን ቀን ተቆጥተህ የወጣኸው ወንድሜ፣ ቻርጀርህን ረስተኸዋል። ስምህን ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አለ። ና ውሰደው።

የሱቁ ባለቤት