«ተረትህ እንዴት አለቀ?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው ሐኪሙ ምን እንዳለዎ በስልክ ስጠይቅዎ ጨዋታውን ወደ እኔ መልሰው «ያ የማያልቀው ተረትህ በመጨረሻ እንዴት አለቀ?» አሉኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስልዎ።

«ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የተባለው ምናባዊ ልብ ወለድ አሥራ አራት ቅጽ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1990፣ የመጨረሻው «ኤ ሜሞሪ ኦፍ ላይት» ደግሞ በጥር 2013 ታተመ። እኔ የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እርስዎም የታሪክ መምህር ነዎትና «የሆነው ታሪክ ተነቦ ሳያልቅ ያልሆነው ምን ይሠራልሃል?» ይሉኝ ነበር። የመጨረሻውን ቅጽ ቢያነቡት ግን የሚወዱት ይመስለኛል። የመጨረሻው ጦርነት የተተረከበት አንዱ ምዕራፍ ብቻ ሁለት መቶ ገጽ ያህል ይሆናል፤ ከመጀመሪያዎቹ ቅጾች ጀምሮ አብረውን የኖሩ ሰዎች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ፣ አሟሟታቸውም ያለምክንያት አይደለም። ራንድ የተባለው እረኛ የጨለማውን ጌታ ለዘላለም ሊያጠፋው ሲችል፣ ክፋትን መምረጥ የማይችል ሰው ደግነቱም የራሱ እንደማይሆን ስለገባው፣ ሳይገድለው መልሶ ያሽገዋል። ብዙ ሺህ ገጽ አንብቤ ወደዚህ መድረሴ አላስቆጨኝም፤ እንዲያውም ዕዳው በሙሉ እንደተከፈለው ሰው ሆኜ ነው መጽሐፉን የዘጋሁት።

ደራሲው ሮበርት ጆርዳን ግን ይህንን ቅጽ ታትሞ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የልብን ጡንቻ የሚያደነድን አሚሎይዶሲስ የሚባል ሕመም እንደያዘው ለአንባቢዎቹ በግልጽ ጻፈላቸው፤ በመስከረም 2007 በ58 ዓመቱ ዐረፈ። (የእርስዎ ሕመም የተለየ መሆኑን እህቴ ነግራኛለች፤ ጨው መቀነስዎንና የሚያሸናውን ኪኒን ጠዋት ጠዋት መውሰድዎን ግን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። እግርዎ ማበጡን አለመንገርዎ አሳዝኖኛል።) ጆርዳን ጊዜው ማጠሩን ሲያውቅ ዝም አላለም። ታሪኩ የት እንደሚደርስ ለቤተሰቡ ተረከ፣ ማስታወሻና በድምፅ የተቀዳ ነገር ተወ፣ የመጨረሻውንም ትዕይንት ራሱ አዘጋጅቶ ሄደ። የመጻሕፍቱ አርታኢ የነበረችው ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል ሥራውን ብራንደን ሳንደርሰን ለተባለ ሌላ ደራሲ ሰጠችው፤ እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የተከታታዩ አንባቢ ነበር። አንድ ቅጽ ብቻ ይሆናል የተባለው በእርሱ እጅ ሦስት ሆነ። የብዕር ለውጡ አይታወቅም ብዬ አልዋሽዎትም፤ በተለይ ማት የሚባለው ቁማርተኛ በሳንደርሰን የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ቀልዱ ሌላ ሰው ሆኖብኛል። ፍጻሜው ግን የጆርዳን ነው፤ እንዲህ የሚያጠግብ የሆነውም እርሱ ራሱ በሕይወት ሳለ ስለተናገረው ነው።

የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ቅጽ ጀምሯል። ቁመቱ እኔን ሊደርስ ነው፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ ትንሿም ፊደል ቆጥራ ጨርሳ ስምዎን መጻፍ ችላለች። ልጁ አሁን የደረሰው ታም የተባለው ገበሬ ቆስሎ በትኩሳት የሚቃዥበት ቦታ ላይ ነው። ታም ልጄ ብሎ ያሳደገውን ራንድን ጨቅላ ሳለ በጦርነት መካከል፣ በተራራ ላይ በበረዶው ውስጥ እንዳገኘው ሳያውቀው ይናገራል፤ ራንድም ያንን ሰምቶ ለብቻው ይዞት ይዞራል። ልጄ «አባቱ ለምን ቀድሞ አልነገረውም?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁለት።

አባቴ፣ ስለ ጋሼ የሰማሁት ከእርስዎ አልነበረም፤ አክስቴ ናት ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የማውቅ መስሏት የነገረችኝ። ስሙን ለእኔ ሰጥተው ታሪኩን አስቀሩብኝ። ይህ ነገር ዓመታት ቢያልፉትም ከልቤ አልወጣም። የጻፉትን ማስታወሻ እህቴ ፎቶ እያነሳች ልካልኝ አነበብኩት፤ የመምህርነትዎ መጀመሪያ፣ የእናቴ ነገር፣ የደሴው ቤት ሁሉም በሚያምር እጅዎ ተጽፏል፤ 1969 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ግን ግማሽ ገጽ ተጽፎ ይቆማል፣ የቀረውም ደብተር ባዶ ነው። ለምን እንደቆመ ይገባኛል። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ቀርቶ ማሰቡም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሆኖም ያንን ደብተር የሚጨርስልኝ ሌላ ሰው የለም። እኔ ልጨርሰው ብል የምጽፈው ያልሆነ ታሪክ ነው የሚሆነው፣ እርስዎ ደግሞ ያንን አይወዱም።

በመጨረሻው ቅጽ ታም እንደገና ይመጣል። ራንድ በዚያን ጊዜ ዓለም በሙሉ የሚጠብቀው ሰው ሆኗል፣ አንድ እጁንም አጥቷል፤ አባትዬው ግን ሰይፍ ይዞ ፊቱ ይቆምና በአንድ እጅ እንዴት እንደሚዋጉ ያስተምረዋል። ከዚያ ሁሉ ጦርነት ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ይህንን ነው። እኔም ከእርስዎ የምማረው ገና አላለቀም፤ የምማረውም እርስዎ በትኩሳት ሲቃዡ ሳይሆን ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው፣ ቡናዎን ይዘው፣ ፈቅደው ሲነግሩኝ እንዲሆን ነው የምለምንዎ።

እህቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች። መጻፉ ከደከመዎ እርስዎ ይናገሩ፣ እርሷ በስልኳ ትቀዳለች፤ ከግማሿ ገጽ ይጀምሩላት፣ ሲከብድዎም ለሚቀጥለው እሑድ ያቆዩት። ደረጃውን ብቻዎን አይውጡት። የሐኪም ቀጠሮው ቀን ሲደርስ ገንዘቡን አስቀድሜ እልካለሁ፤ ሐኪሙ የሚለውንም ያኔ ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

ልጅዎ