ለጋሼ፣ ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ እርስዎ ግን የምደውለው እኔ ሆኜ እንኳ «በሉ ሂሳብ እንዳይበላ» ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ለሙሉ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ ፊደሉን አጉልታ ታትምልዎታለች። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ሰው አስነብበው አይስሙት።

ናሆም የባሕሩን ነገር በዝርዝር እንድጽፍልዎ ስላስማለኝ ከእሱ ልጀምር። ያን ቀን «ባሕርን ቤት ውስጥ ማን አስገባው?» ብለው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ እንጂ ያስገቡትስ እርስዎ ነዎት። ስለ ዳህላክ ሲያወሩለት ከርመው፣ ልጁ ለልደቱ ብስክሌት ብንለው «ኮራል» አለ፤ ያንን ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ። ይኸው ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ላይ 150 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ጨዉን በተጣራ ውሃ የምንበጠብጠው ራሳችን ነን፤ ለሊትር 35 ግራም ገደማ። ናሆም «የአያቴ ባሕር ከዚህ ይጨውጣል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ላይ ይጠበቃል፤ የምጽዋን በጋ ላየ ሰው ይህ ብርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድንጋይና ውሃ ብቻ ነበር የምናየው። ድንጋዩ ላይ ባክቴሪያ ተራብቶ ዓሣ የሚገድለውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት እስኪለውጥ ዓሣ አይገባም። ኤፍሬም በየማታው «ለድንጋይ መብራት እንከፍላለን» እያለ ያልፋል።

ችግሩ ከባሕር የወጣ ድንጋይ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። አንድ ቀን ናሆም «አበባ በቀለ!» ብሎ ጠራኝ። አይፕታዚያ ይሉታል። ቡናማ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከቀዳዳው ብቅ ብሎ ቀጫጭን እጆቹን ይዘረጋል። ሲያዩት ያምራል። ግን ተናዳፊ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ኮራል እየለበለበ ቦታውን ይቀማል። ሲነኩት ብልጭ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ቢቆርጡትማ ይብሳል፤ ድንጋዩ ላይ ከቀረችው ቅንጣት ሌላ ይበቅላል። ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ «አላልኳችሁም? መቁረጥ ያባብሳል» ነው የሚሉኝ። ጋሼ፣ እኔ የማወራው ስለ አይፕታዚያ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፣ ንጹሕ የኖራ ዱቄት። በትንሽ ውሃ ወፍራም አድርገን እናቦካውና ውሃውን የሚያናፍሰውን ፓምፕ አጥፍተን፣ በመርፌ ስቦ አፉ ላይ ቀስ ብሎ መጫን ነው። እንዲሸሽ ሳይሆን እንዲውጠው። ናሆም መርፌውን ይዞ «አያቴ በየቀኑ እንደዚህ ነው የሚወጋው?» አለኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አልኩት። ሙሉ ግን የማታውን እየዘለሉት ነው ብላኛለች። እውነት ነው? መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑ ይበላሻል ብለው ከሆነ፣ በላስቲክ ጠቅልለው ውሃ ባለበት ማድጋ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እዚያ ይቆያል። ብቻ አይዝለሉት።

ኖራው ያልደረሰበትን ፔፐርሚንት የሚባል ሽሪምፕ ይለቅመዋል። እሱን ስንገዛም መጠንቀቅ ነበረብን፤ ካሜል የሚሉት መሳዩ አለ፣ እሱ ደግሞ ኮራሉን ራሱን ይበላል። ሻጩ ሁለቱንም አንድ ገንዳ ውስጥ ነበር ያስቀመጣቸው። ናሆም ነው የለየው፤ ጀርባው የጎበጠውን አልፈልግም ብሎ ሻጩን አሳፈረው። እንደ እርስዎ አፉ ስለታም ሆኗል።

ሶልያና ደግሞ ትል አግኝታ ነበር። ሮዝ ነው፣ ጎንና ጎኑ ነጭ ጸጉር አለው፤ ስትነካው ጸጉሩ ጣቷ ላይ ቀረና አለቀሰች። ፕላስተር ለጥፈን ስንስበው አብሮ ወጣ። ሁላችንም ይገደል አልን። ኋላ እንዳነበብነው ግን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ትል ክፉ አይደለም፤ ድንጋዩ ሥር የወደቀ ምግብና የሞተ ነገር እየበላ ያጸዳል። ምግብ ስንቀንስ እሱም ቀነሰ። እሷ ግን እስካሁን ይቅር አላለችውም።

ከተባዩ ይልቅ ያማረረን የኮራሉ መውደቅ ነው። ማታ አስተካክለን ያስቀመጥነው ጠዋት አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ እናገኘዋለን። ሥራው የቀንድ አውጣው ነው፤ ቱርቦ ይባላል፣ አረንጓዴውን እየጋጠ ሲያልፍ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይገፋል። ተደፍቶ የቆየ ኮራል ከሥር በኩል ሥጋው ይበሰብሳል። መጀመሪያ በሱፐር ግሉ ብቻ ለጠፍነው፤ ጄል የሆነው ውሃ ውስጥም ይደርቃል፣ ግን ሸካራ ድንጋይ ላይ ብዙ አይዝም። አሁን ኤፍሬም ዘዴውን አግኝቶታል። ከሁለት ክፍል የሚሠራ ማስቲሽ አለ፤ እንደ ሊጥ አብሮ ሲታሽ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠነክራል። የኮራሉን እግር በጨርቅ ያደርቀዋል፣ ግሉ ጠብ ያደርግበታል፣ ማስቲሹን ይጭናል፣ በላዩ እንደገና ግሉ፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተጭኖ ትንሽ ጠምዘዝ ያደርገዋል። በግሉና በግሉ መካከል ያለው ማስቲሽ ክፍተቱን ይሞላዋል። ይኸው ቱርቦው ታግሎ ተወው። አንዱን ኮራል ከሌላው አራርቆ ማስቀመጥም አለ፤ ቀን ጨዋ የሚመስለው ሌሊት ረጅም ክሩን አውጥቶ ጎረቤቱን ይነድፋል።

እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ ማለትዎም ትክክል ነበር። ዞአንቲድ ከሚባሉት ትንንሽ ኮራል መሰሎች ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ያለባቸው አሉ። የነሱ ድንጋይ እቤት ውስጥ ሲቀቀል እንፋሎቱ ብቻ ሰው ያሳምማል። እርስዎ በባዶ እጅና በባዶ እግር እዚያ ላይ ሲራመዱ ኖረው ምንም አለመሆንዎ ይገርመኛል።

ናሆም ምንም አልሆኑም አይልም። አዲስ ኮራል ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በተለየ ሳህን አዮዲን ባለበት የባሕር ውሃ ይታጠባል፤ ተደብቆ የነበረ ትንሽ ትል እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ያን ሲያይ ነው የነገረኝ፤ ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ኖኩራ አጠገብ ኮራል እግርዎን ሰንጥቆት፣ አዮዲን አፍስሰውበት ሥራ እንደገቡ፣ ቁስሉም ለመዳን ወራት እንደፈጀ። የቱ እግር ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ግራው» አለኝ። ጠባሳውን ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከየት እንደመጣ ግን የነገረኝ አሁን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ነው።

ጋሼ፣ ያኔ ስኳር አልነበረብዎትም።

ሙሉ የእግርዎን ፎቶ ልካልኛለች። እርስዎ እንዳትልክ ብለዋት ነበር፤ አይቆጧት። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል። «አያመኝም» ይላሉ አሉ። የማያምዎት ነርቩ ስለሞተ ነው እንጂ ስለዳኑ አይደለም። ማታ ማታ እግርዎን ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ እንደሚያሞቁም ሰምቻለሁ። ቢቃጠል እንኳ አይሰማዎትም፤ ስለ እግዚአብሔር ይተዉት። ካልሲ ያድርጉ። ሐኪሙ «ሁለት ጣት ይቆረጥ» ያለው ዛሬ ነው። ቆይቶ ቁርጭምጭሚት ይላል፤ ከዚያ ጉልበት። እርስዎ «ሙሉ ገላዬን ይዤ ልሂድ» ብለዋል አሉ። ወዴት ነው የሚሄዱት?

ስንት ገጽ ስለ ቀንድ አውጣ ጻፍሁ፤ ለዚህች ነበር።

አንድ ጊዜ ሄደዋል። ግንቦት 1983 የባሕር ኃይሉ መርከቦች እርስዎን ይዘው ወደ የመን ሲሻገሩ እማዬ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ተቀምጣለች። ደብዳቤዎ ሲመጣ የተጻፈው ለጋሽ ታደሰ ነበር፤ ለእኛ አልነበረም። ጥቁሩን ያወለቀችው ሰው ነግሯት ነው። በ1989 መጀመሪያ ጅቡቲ ኋላ ወደቧ የገቡትን እነዚያን መርከቦች ለጨረታ ስታቀርብ እማዬ ሰምታ «መርከቡም ሊሸጥ ነው፤ አሁንስ እዚያ ምን ይጠብቃል?» አለች። ሲመጡ በቆርቆሮ የታሸገ ሃልዋ ይዘው መጡ። እማዬ አልቀመሰችውም፤ ለጎረቤት አደለችው። እኔ ከበር ኋላ ቆሜ፣ ለእኔ ታስቀርልኝ ይሆን እያልኩ አያት ነበር። ስለ ሆዴይዳ፣ ስለዚያ የየመን ወደብ፣ አንድ ቀን ሳይናገሩ፣ እኛም ሳንጠይቅ፣ እማዬን ቀበርናት።

ለናሆም ግን ያወራሉ። ስልኩን ይዞ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲስቅ እሰማለሁ፤ ዶልፊኑን፣ የሌሊቱን ጥበቃ፣ ዓሣ የጠበሱበትን ደሴት። ደስ ይለኛል፤ እቀናለሁም። እኔ የማውቀው ጋሼ በራዲዮ ላይ ጆሮውን ጥሎ ዝም ያለ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ፣ የመጀመሪያ ትኬቴን የገዙልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያ ሌላ ነገር ነው።

ለፋሲካ ትኬት ገዝቻለሁ፤ ልጆቹም አብረው ይመጣሉ። እመጣና እጠይቅዎታለሁ፤ ማንን ትተው እንደመጡ፣ ለምን ለእኛ እንዳልጻፉ። ሊቆጡኝ ይችላሉ። ልንጣላም እንችላለን፤ እስከዛሬ ተጣልተን አናውቅም። ለዚህ እርስዎ መኖር አለብዎት። ጣቶቹን ያስቆርጡ።

ሐሙስ ጠዋት ሙሉ ታክሲ ይዛ በአንድ ሰዓት ትመጣለች። ገንዘቡ እጇ ገብቷል፤ «ብዙ ነው» ብለው አይመልሱት። የኢንሱሊኑን ነገር ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩት። ወረቀቱን ሲሰጥዎ ይፈርሙ።

ልጅዎ

ይድረስ ለሙሉ፦ የእግሩን ልክ በሴንቲሜትር ላኪልኝ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኪ። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሠራ ሰፊ ጫማ እዚህ አለ፤ ጣት የጎደለበትን ቦታ የሚሞላ ስፖንጅም አብረው ይሠሩለታል።