የአድናቂዎች ሥዕልና ድርሰት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ተማሪዎቻችን «ፋን አርት» እና «ፋን ፊክሽን» የሚሉትን ሥራ፣ ማለትም ከሚወዷቸው ታሪኮች ገጸ ባሕርያትን ተውሰው በራሳቸው መንገድ መሣልንና መጻፍን የሚለማመዱበት ክበባችን፣ በዚህ ዓመት አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው በአንድ ችግር ላይ ነው፤ ሐሳብ ሲነጥፍና እጅ አልታዘዝ ሲል ምን ይደረጋል? ጥያቄውን ያነሱት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። በዓመቱ መግቢያ ላይ የቆዩ ሥራዎቻቸውን ከማኅደር አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲደረድሩ፣ ያለቁት ካላለቁት እጅግ ያነሱ ሆነው አገኟቸው። መሐል ላይ የቆሙ ታሪኮች፣ ፊታቸው በጥንቃቄ ተሥሎ እጅና እግራቸው በእርሳስ ጭረት ብቻ የቀሩ ጀግኖች፣ ከርእስ በቀር ምንም ያልተጻፈባቸው ገጾች ነበሩ። «ለምን እንደምናቆም እንወቀው» አሉ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ የዓመት ዕቅድ አልታየኝም።

ስለ ክበባችን በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ በተደጋጋሚ የሚነሳውን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልጆቹ የሰው ፈጠራ ከሚገለብጡ የራሳቸውን ለምን አይፈጥሩም የሚል ነው። ከቅንነት የመነጨ መሆኑን ባልጠራጠርም አልስማማበትም። ገጸ ባሕርያቱና ዓለሙ ተዘጋጅተው የሚጠብቁት ጀማሪ ጸሐፊ ጉልበቱን በሙሉ በምልልስ፣ በትዕይንት አወቃቀርና በአተራረክ አንጻር ላይ ማዋል ይችላል። ሥራው የልጆች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑንም ዓለም ከተቀበለው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 በቶኪዮ የተጀመረውንና አድናቂዎች ራሳቸው ያሳተሟቸውን መጽሔቶች የሚያቀርቡበትን ኮሚኬት የተባለውን ዐውደ ርዕይ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎበኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የተከፈተውና በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደረው «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለው የአድናቂዎች ድርሰት ማከማቻም እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ ልብ ወለድና በምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የታወቀውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። በእኛ ክበብ ደግሞ የማይጣሱ ሕጎች አሉ፤ የዋናው ሥራ ባለቤት ስም በእያንዳንዱ ሥራ ግርጌ ይጻፋል፣ አንድም ሥራ አይሸጥም።

ወደ ችግሩ ስንገባ መጀመሪያ የተረዳነው መንጠፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። እንግሊዛዊው ግርሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ የፈጠራን ሂደት በአራት ደረጃዎች፣ በዝግጅት፣ በመብላላት፣ በብልጭታና በማረጋገጥ ከፍሎታል። ሐሳቡ ገና እየተብላላ ያለ ልጅ እጁ ሥራ ቢፈታም አእምሮው ሥራ ላይ ነው፤ እሱን መወትወት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በአድናቂዎች ሥራ ላይ ግን ከዚህ የከበደ ምክንያት አለ። ልጁ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ የሚወደው ሥራ በታላቅ ባለሙያ እጅ ተሠርቶ፣ አልቆ፣ ዓይኑ ሥር ነው ያለው። አንባቢዎቹም የጀግናው ጠባሳ በየትኛው ጉንጩ ላይ እንዳለ ሳይቀር የሚያውቁ ጓደኞቹ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ገና ሳይጨርሰው ያነጻጽራል፤ ያጠፋል፤ እንደገና ይሞክራል፤ በመጨረሻም ይተወዋል። በውይይታችን ከሁሉም አፍ የወጣው «እንደ ዋናው አይሆንልኝም» የሚል ቃል ነበር።

ይህ ነገር ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያየሁት በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ነው። በሥዕል ችሎታዋ ሁላችንም የምንተማመንባት ይህች ልጅ ለብዙ ሳምንታት አንድም ሥራ ሳታቀርብ ቆየች። ደብተሯን እንድታሳየኝ ስጠይቃት ከገጽ እስከ ገጽ የአንድ የኮሚክ ጀግና ፊት ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ ከጀርባው ያለው ገጽ ይታይ ነበር፤ አንደኛው ገጽማ የጀግናው ግራ ዓይን ካለበት ላይ ተቀዷል።

ወደ ሙዚየም ስንሄድ ለሠዓሊዎቹ የሰጠሁት ሥራ ከቅርሶቹ ጋር የተያያዘ አልነበረም። በአዳራሾቹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን በ30 ሰከንድ፣ በእስክሪብቶ እንዲሥሉ ነበር፤ በእስክሪብቶ የተሣለ አይፋቅምና። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ላይ እየፈራች ጥቂት ቀጫጭን ጭረቶችን አሰፈረች። ቆይታ ግን አንድ አዛውንት ጥበቃ የኋለኛውን አዳራሽ ሊከፍቱ ቁልፍ ሲፈልጉ አየቻቸው፤ ብዙ ቁልፍ ከተሰካበት ቀለበት ላይ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየለዩ፣ ዓይናቸውን ሳያሳርፉበት፣ በመዳሰስ ብቻ። ጎብኚዎቹ ወደ ቅርሶቹ ሲያልፉ እሷ እዚያው ቀርታ ያንን እጅ ደጋግማ ሣለችው፤ ስንጠራትም አልሰማችንም።

በቀጣዩ ስብሰባችን ላይ ያመጣችው ሥዕል የጀግናው አልነበረም። በምትወደው ኮሚክ ውስጥ በአንድ ሥዕል ብቻ ብቅ ብሎ ለጀግናው በር ከፍቶ የሚጠፋውን በር ጠባቂ፣ ከነዚያ አዛውንት እጅና ከነቁልፎቻቸው ሠርታው መጣች። ለምን እሱን እንደመረጠች ስትጠየቅ «የእሱን ፊት ማንም ስለማያስታውሰው ተሳስተሻል የሚለኝ የለም» ብላ መለሰች። በማስተማር ዘመኔ ስለ ፈጠራ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ነገሩ በእሷም አላበቃም። የረጅም ታሪኩን አንድ ምዕራፍ መሻገር አቅቶት የከረመ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሉን ተውሶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ በር ጠባቂው ምን እንዳደረገ የሚተርክ «ድራብል» ጻፈ፤ ድራብል ማለት በትክክል በ100 ቃላት የሚያልቅ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ የራሱ ምዕራፍ ለምን እንደቆመ ገባው፤ ጀግናው እስር ቤት ተዘግቶበት ምንም ሊያይ በማይችልበት ሰዓት ታሪኩን በጀግናው ዓይን ለመተረክ ሲታገል ነበር። ተራኪነቱን ለአሳሪው ሰጠውና ምዕራፉን ጨረሰው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ከዚህ በኋላ በዚሁ መንገድ ቀጠሉ፤ በዋናው ሥራ ውስጥ ያልተነገሩ ትዕይንቶችን መጻፍ፣ ከትልቁ ሥዕል በፊት ትንንሽ ንድፎችን መሞከር፣ ጸሐፊና ሠዓሊ ሥራ መለዋወጥ። ያልሠራም አለ። ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ ሥዕል የመሥራት ውድድራችን ገና ሳይጋመስ ፈረሰ፤ አንድ ቀን ያለፈው ልጅ ዕዳ የተጠራቀመበት ያህል እየተሰማው ወደ ስብሰባም መምጣት ተወ። የፈተና ሰሞንም ስብሰባዎቻችን ተቋርጠዋል።

የዓመቱ ሥራዎች ስብስብ መጽሔት ግን ያልታተመው በልጆቹ ድክመት አይደለም። ሥራው ተጠናቆ፣ ታርሞ፣ ገጽ ተሰጥቶት ለኅትመት የሚሆን ወረቀትና ቀለም በማጣት በኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ለስፖርት ክበባት ማልያ መገዛቱ ተገቢ ነው፤ ለሥዕል የሚሆን ወረቀት ጥያቄ ግን በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፍ የለበትም። ልጆቹ ሥራቸውን የሚያኖሩበት የሚቆለፍ ቁም ሣጥንም የላቸውም፤ የበር ጠባቂው ሥዕል ራሱ የሚኖረው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው የሥዕል ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም፣ አንድ ቁም ሣጥንና የመጽሔቱን የኅትመት ወጪ ነው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ያልታተመውን መጽሔት በኮምፒውተር ላይ አንብባችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ በስብሰባችን ቀን ብትመጡ ሠዓሊዎቹና ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያሳዩአችኋል።