የፊዚክስ ክበብ ዓመት፦ ብይ፣ ትሪና የጋለ ብረት

«ቲቸር፣ አየር በሌለበት ከረንቱ በምን ላይ ይሄዳል?»

ጥያቄውን ያነሳችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። ስለ ቫክዩም አርክ፣ አየር በሌለበት በሁለት ብረቶች መካከል ስለሚነሳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ እያወራን ነበር። በሁለት ሐሙስ እንጨርሰዋለን ብዬ ነበር፤ ዓመቱን በላው።

የመጀመሪያው መልስ አላስቸገረንም። አርኩ መንገዱን ራሱ ይሠራል። ከካቶዱ (ከኔጌቲቩ ብረት) የሚተነው ብረት ፕላዝማ፣ ማለትም ከረንት የሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ጋዝ፣ ሆኖ ክፍተቱን ይሞላል። ያስቸገረን ኤሌክትሮኖቹ ከብረቱ የሚወጡበት መንገድ ነው። ካቶዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ከረንቱ የሚያልፈው ወዲያ ወዲህ በሚሯሯጡ ጥቃቅን ብሩህ ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ የቀለጠ ብረት ይረጫሉ። ካቶዱ በደንብ ከጋለ ግን ነጥቦቹ ሊጠፉና ከረንቱ በሰፊው ገጽ ላይ ሊሰራጭ ይችላል።

ሙቀት ኤሌክትሮኖችን ከብረት እንዴት እንደሚያስወጣ ለማየት ትሪ ላይ ብይ ደረደርን፤ ዙሪያውን በካርቶን አጠርን። ቀስ ብለው ሲነቀንቁት አንድም አልወጣ። ጠንከር ሲያደርጉት አንድ ሁለቱ ዘለሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ፤ እስካሁን ከቁም ሳጥኑ ሥር ብይ እንለቅማለን። ብዮቹ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፤ ንቅነቃው ሙቀቱ ነው። ካርቶኑ ደግሞ ኤሌክትሮኑ ለመውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ፣ ተንግስተን ለተባለው ብረት 4.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ።

ቀጥሎ ስሌት ገባን። ከጋለ ብረት የሚወጣውን የኤሌክትሮን ከረንት የሚያሰላው ቀመር የፊዚክስ ሊቁ የኦወን ሪቻርድሰን ነው፤ በዚህ ሥራው የ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ተንግስተን በ2000 ኬልቪን ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊአምፒር ያህል ይሰጣል። በ2500 ኬልቪን ወደ 0.3 አምፒር ይደርሳል። የሠራው ልጅ 300 እጥፍ ሲያገኝ ሦስቴ ሰረዘው፤ በመጨረሻ ካልኩሌተሩን ጠረጠረ። ልክ ነበር።

እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ሰሌዳውን ላጠፋ ስል ያችው ልጅ «ካቶዱን ታዲያ ማን ያሞቀዋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ኤሌክትሮኖቹን ብቻ ነበር የቆጠርኩት። ከፕላዝማው ወደ ካቶዱ የሚመለሱት ፖዘቲቭ አዮኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አቶሞች) ብረቱን እየመቱ ያሞቁታል፤ ከረንቱንም ይጋራሉ። ከፊቱ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ መስክም አጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ካርቶኑን በመቀስ ትንሽ ቀነስን። በዚያው ንቅነቃ ብዙ ብይ ወጣ።

የሳይንስ ቀን ላይም ያሳየነው ይህንኑ ትሪ ነው፤ ሌላ ለማዘጋጀት ጊዜ አልተረፈንም።

ክሮሚየም ወደተባለው ሌላ ብረት ስንደርስ ግን ስሌቱ አልሄድ አለን። ክሮሚየም በደንብ ሳይግል በብዛት ይተናል። ከሙቀቱ ብቻ የሚሰላው የኤሌክትሮን ከረንት አርኩ ከሚሸከመው እጅግ ያንሳል። ቀሪውን ከአዮኖቹ ለማምጣት ብንሞክርም ሒሳቡ አልገጠመልንም። ወረቀቱ የክበቡ ፋይል ውስጥ አለ፤ የ12ኛ ክፍል ተረኞች ከዚያ ይጀምሩ።