ለአብሮ አደጌ፣ ከአህመዳባድ፣ ሕንድ

አንተ ሰው፣ እንደምን ከርመሃል?

ካልጻፍኩልህ ዓመት ሞላኝ። ፈተና፣ ኢንተርኔት፣ ሙቀት እያልኩ ሰበብ ልደረድር አስቤ ነበር። ሁሉም ውሸት ነው። የእቴቴን ማረፍ የሰማሁት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ስልኩን አነሳሁ፤ ሳልደውል መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አፈርኩ። እፍረት ደግሞ እንደ አራጣ ይወልዳል። ይኸው እዚህ ደረሰ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ መስኮት ነው፤ የድንጋይ መስኮት።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ላል ዳርዋዛ የሚባል ሰፈር አለ። መኪናውና ባጃጁ ተጨናንቆ ሲዞር ይውላል። (እዚህ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው፤ ተሽከርካሪዋን ሪክሾ ነው የሚሏት። መጀመሪያ ሰሞን "ባጃጅ!" ብዬ ስጣራ ይስቁብኝ ነበር።) በዚያ ሁሉ ጡሩምባ መሃል አንዲት ትንሽ መስጊድ አለች። ሲዲ ሰይድ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1572 እና 1573 ያሠራት ሰው፣ በየመን በኩል የመጣ ሐበሻ ነው። የጉጃራት ሱልጣኖችን ካገለገሉት ሐበሾች አንዱ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ እያለፍኩ ይህን አላውቅም ነበር! ባለፈው አርብ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

የኋላ ግድግዳው ቅስት ቅስት ነው። ቅስቶቹን የሞላው ድንጋይ ተፈልፍሎ ወንፊት ሆኗል። አንደኛው ላይ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ ይጠማዘዛል፣ ይጠላለፋል፣ መጨረሻው አይገኝም። ዘንባባም አብሮት ቆሟል። ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ድንጋይ መሆኑን ትረሳለህ። እቴቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚስ ላይ የምትጠልፈው ሐረግ ነው የመሰለኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ጠባቂው ውኃ አመጣልኝ። የመሃለኛው ቅስት ግን ጥልፍ የለውም፤ ድፍን ነው። ሳይጨርሱት የሙጋሉ ንጉሥ የአክባር ጦር ከተማዋን ያዘ ይባላል።

የዛፉን ንድፍ ከተማው ሁሉ ላይ ታየዋለህ። የታወቀው የማኔጅመንት ትምህርት ቤታቸው ዓርማ እንኳ ከዚያ መስኮት የተቀዳ ነው።

ከተማዋን የቆረቆራት ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1411። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆና ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፈረች። ሰዉ ይኮራበታል። የሚያፈስ ጣሪያ ግን በመዝገብ አይጠገንም።

ይህን ያስተማረኝ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ነው። "ፖል" በሚሉት ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ፖል ማለት በር ያለው ጠባብ መንደር ነው፤ ድሮ ማታ ማታ በሩ ይዘጋ ነበር። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። የእንጨት ምሰሶው ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከግቢው ሥር የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ አላቸው። መንደሩ መሃል በምሰሶ ላይ የቆመ የወፍ ቤት አለ፤ ጥሬ ይበትኑበታል። ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አተር እየፈለፈሉ ሐሜቱን ያስኬዱታል። ያው እኛ ሰፈር በለው።

እናቱን እንደነሱ "ቤን" እላታለሁ፤ እህት ማለት ነው። እኛ እትዬን ከስም በፊት እንደምናደርገው እነሱ ከስም በኋላ ያስከትሉታል። "በቃኝ" የሚባል ነገር አይገባትም። ሳህኔን በእጄ ስከድነው በጣቶቼ መሃል ወጥ ታፈስልኛለች። ምስር ወጡ ስኳር አለው፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ሥጋ የሚባል በዚያ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ፆም ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ቅቤው የትም አለ! ደረቅ ቂጣ ለምኜ ሁዳዴን ጨረስኩ። ቢራ እንደሆነ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በዚያ በኩል ጨዋ ሆኛለሁ።

ልጁ ግን ፖሉን መልቀቅ ይፈልጋል። መኪና አይገባም፣ እንጨቱን ማደስ ውድ ነው። ከሳባርማቲ ወንዝ ማዶ ፎቅ፣ ሞል፣ ሰፊ መንገድ አለ። ሜትሮውም ወንዙን ይሻገራል። ወንዙ ራሱ ከናርማዳ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው ሞልቶ የሚታየው። ድሮ ከተማዋን ያበሉት የጥጥ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ማዶ ሥራ አለ፤ እዚህ ትዝታ። ልጁን አልፈርድበትም። እናቱ ግን "ማዶ ማን ጎረቤት አለኝ?" ትላለች። እኔ ከእሷ ወግኛለሁ፤ ኪራዩን የምከፍለው እኔ ስላልሆንኩ ይሆናል።

በገናና በጥምቀት መሃል፣ ጥር 6 አካባቢ፣ ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የካይት በዓል ነው። እኛ ከፌስታል የምንሠራው ትዝ ይልሃል? እዚህ ሽማግሌው ሁሉ ይጫወታል። ክሩን የጠርሙስ ዱቄት ይቀቡትና የሌላውን ይቆርጡበታል። እኔ የራሴን ጣት ቆረጥኩ። ቤን እየተቆጣች በእርድ አሰረችልኝ። ያኔ እቴቴ ጉልበትህን በቡና ዱቄት የደፈነችውን ነገርኳት። "እናትህ ናት?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

ለሙት ዓመቷ እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ከሙምባይ ነው የምነሳው። ጨርቁን የምትወጥርበትን ክብ እንጨት ለሰው እንዳትሰጥብኝ። ለዝግጅቱ የጎደለውን ጻፍልኝ። መቆጣትህ አይቀርም፤ በር ላይ ተቆጣኝ፣ መጀመሪያ ግን ሻንጣዬን ተቀበለኝ።