ተኝቼ ልገላገል ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«ነቅቼ ወገቤን ሊቆርጡኝ ነው» ብለህ የጻፍክልኝን ሳነብ ሳቄም ሐዘኔም አንድ ላይ መጣ። ዕድሜዋን ሰመመን ስትሰጥ የኖረች እናት እያለችህ ጎረቤት መጠየቅህ ግን አልተዋጠልኝም።

የተንሸራተተው ዲስክህ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚሆነው ለስላሳ አካል፣ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። ሐኪምህ 8 ሚሊሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ፣ ከጎን በኩል ኢንዶስኮፕ የሚባል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ሊያስገባ አስቧል። መሣሪያው የሚያልፈው ነርቩን ታክኮ ነው። ከነካው ሕመሙ ወደ እግርህ ይወረወራል፤ «እግሬን!» ስትል ሐኪሙ እጁን ይሰበስባል። ነቅተህ እንድትቆይ የፈለገው ለዚህ ነው።

ምንም አይሰማህም ብዬ አልዋሽህም። ሊዶኬይን የሚባለው የአካባቢ ማደንዘዣ ቆዳህንና ጡንቻህን ያደነዝዛል፤ አጥንቱ ሲሞረድና የዲስኩ ሽፋን ሲነካ ግን ያምሃል። ለዚያ በደም ሥርህ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡሃል፤ ታንቀላፋለህ፣ ሲጠሩህ ትመልሳለህ። «ጨምሩልኝ» ብለህ አታስጨንቃቸው። መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ ይደክማል፤ በሆዱ ለተኛ ሰው ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። የአባትህን ማንኮራፋት ወርሰሃልና ይህንን ለሰመመን ባለሙያው ሳይጠይቅህ ንገረው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድክም እንደዚሁ።

ሙሉ ሰመመን የፈሪ ምርጫ ነው አላልኩም። ጭንቀት የሚያንቀጠቅጠው ሰው ይተኛ። ዲስኩ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ የዳሌ አጥንት የጎኑን መንገድ ሊዘጋው ይችል ነበር፤ ከኋላ ሲገቡ ደግሞ ብዙዎቹ ማስተኛትን ይመርጣሉ።

ጓደኛህ ያወራልህ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው፣ በጀርባ የሚወጋው ስፓይናል ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ቢር በ1898 በራሱ ላይ ሲያስሞክረው ለቀናት ራስ ምታት አልጋ ላይ አውሎታል፤ ዛሬ መርፌው ቀጥኗል። ሕመሙን በደንብ ያጠፋል። ነገር ግን እግርህ ለሰዓታት ይከብዳል፣ ነርቭህም ሲነካ ላይናገር ይችላል። በአንተ ቦታ ብሆን የአካባቢ ማደንዘዣውን እመርጥ ነበር።

በቀጠሮህ ቀን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ሕመሙን መቋቋም ካቃተህ መሐል ላይ እንዴት እንደሚያስተኙህ። የሰጡህን መልስ ቃል በቃል ጻፍልኝ፤ አጥጋቢ ካልሆነ እኔው ደውዬ አነጋግራቸዋለሁ።

እናትህ